መርፌዋን መልሷት፦ ዋይፋይ እምቢ ሲል ከራውተሩ በፊት የሚመረመረው

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ፣ ሰሚትና አያት፣ ላፕቶፕ ከቤት ዋይፋይ ጋር አልገናኝ ሲል የሚወሰደው እርምጃ ተመሳሳይ ነው። «ኔትወርክ የለም» ይባላል፣ ራውተሩ ይገለበጣል፣ ከጀርባው ባለችው ጠባብ ቀዳዳ መርፌ ይገባል። ራውተር ግን ከቤት ዕቃ ሁሉ በትንሽ ምስጋና ብዙ የሚሠራ ነው። ሌሊትና ቀን ለስልኩ፣ ለቴሌቪዥኑና ለላፕቶፑ አድራሻ ያድላል፤ የእያንዳንዱን ጥያቄ ይዞ ይወጣል፤ መልሱንም ሳያምታታ ለጠያቂው ይመልሳል። በሌላው ጥፋት እሱን መቅጣት ተገቢ አይደለም፤ ለባለቤቱም ኪሳራ ነው። ችግሩ የት እንዳለ ሳይለዩ መርፌ ማስገባት ትንሹን ብልሽት ትልቅ ስለሚያደርገው፣ ምርመራው ከእርምጃው መቅደም አለበት።

የስህተቱ ሥር ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። የዋይፋይ መሠረት የሆነው የገመድ አልባ ግንኙነት ደረጃ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ ግን የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ዋይፋይ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው አጭር የሬዲዮ መንገድ ነው። ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚገባው ደግሞ ከራውተሩ ወደ ውጭ በሚሄደው ፋይበር፣ የስልክ መስመር ወይም የሲም ካርድ ሞገድ ነው። በሁለቱ መካከል ራውተሩ ለላፕቶፑ አድራሻ የሚሰጥበት ደረጃ አለ። ስለዚህ «አልተገናኘም» ሲባል መጠየቅ ያለበት «ከምን ጋር?» ነው።

ላፕቶፑ የቤቱን ዋይፋይ ስም ጭራሽ ካላየ ወይም አይቶ መግባት ካቃተው ችግሩ በመጀመሪያው መንገድ ላይ ነው። የአውሮፕላን ምልክት ያለባት ቁልፍ ሳይታሰብ ተነክታ የላፕቶፑን ሬዲዮ አጥፍታው ሊሆን ይችላል። ጎረቤት እንዳይጠቀም ተብሎ ፓስወርዱ ከተቀየረ ላፕቶፑ አሮጌውን ይዞ ይሞክራል፤ መፍትሔው የተቀመጠውን ኔትወርክ «ፎርጌት» ብሎ አዲሱን ፓስወርድ ማስገባት ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚደበቀው የቻናል ጉዳይ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራውተር በብዙ አገሮች ከ1 እስከ 13 ካሉት ቻናሎች አንዱን ይመርጣል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ላፕቶፖች ግን ብዙውን ጊዜ ከ11 በላይ አይሰሙም። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ላፕቶፕ ራውተሩ 12ን ወይም 13ን የመረጠ ዕለት የቤቱን ዋይፋይ ላያይ ይችላል፤ እዚህ የተገዛው ስልክ ደግሞ በደንብ ያየዋል። ላፕቶፑ ጤነኛ ነው፣ ራውተሩም ጤነኛ ነው፤ ቻናሉን ወደ 1፣ 6 ወይም 11 መመለስ ብቻ ይበቃል። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ስለማይደራረቡ፣ በየበሩ ራውተር ባለበት የኮንዶሚኒየም ሕንጻም የሚመረጡት እነሱ ናቸው።

ላፕቶፑ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ «ኢንተርኔት የለም» ካለ ምርመራው ወደ አድራሻው ይሄዳል። በዊንዶውስ የኔትወርኩ ዝርዝር ላይ አድራሻው በ169.254 ከጀመረ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም፤ ላፕቶፑ ለራሱ ጊዜያዊ ቁጥር ፈጥሯል ማለት ነው። በ192.168 ከጀመረ ግን ብዙውን ጊዜ አድራሻው ደርሶታል፤ የሚቀረው ከራውተሩ ወደ ውጭ ያለው መንገድ ነው። በፋይበር ሳጥን ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለባት መብራት ቀይ ከሆነች የብርሃን ምልክቱ ሳጥኑ ጋ እየደረሰ አይደለም። ፋይበሩ ተቆርጦ፣ ታጥፎ ወይም ከሶኬቱ ወጥቶ ይሆናል፤ የላፕቶፑን ቅንብር መነካካት ምንም አይጠቅምም። የኮምፒውተሩን ሰዓትና ዓመት ማየትም ያስፈልጋል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ማሽኑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለወሰደው ለማሽኑ የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ሥራ ያልጀመረ ይመስለዋል፤ ዋይፋዩ እየሠራ ገጹ አልከፈት ይላል።

እዚህ ላይ «ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ይሠራ የለ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ማስረጃው ጠንካራ ይመስላል፤ ግን የሞባይል ዳታ ካልጠፋ ዋጋ የለውም። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቁ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራሉ። ሰውየው በሲም ካርዱ ፓኬጅ ቪዲዮ እያየ ዋይፋዩን ይመሰክርለታል፤ ጥፋቱን በላፕቶፑ ላይ ይጭናል። ዳታው ጠፍቶ ስልኩ አሁንም ከሠራ ያኔ ላፕቶፑን ወይም ቻናሉን መጠርጠር ልክ ነው።

አሁን ወደ መርፌዋ። በብዙ ሰው ዘንድ ሪሴት ማለት አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። አጥፍቶ ማብራት ራውተሩ ያከማቸውን ጊዜያዊ ነገር ያራግፋል፤ ቅንብሩን አይነካም። ሪሴት ግን በቀዳዳዋ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንዶች በመርፌ ተጭኖ በመያዝ ሳጥኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። ባለቤቱ ያወጣው የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ይጠፋል፤ ስለዚህ ያልተገናኘው አንድ ላፕቶፕ ነበር፣ አሁን የቤቱ ዕቃ ሁሉ ይቋረጣል። ከዚህም የከፋ አለ። የኢትዮ ቴሌኮም የቤት ብሮድባንድ ራውተሩ ወደ ኩባንያው የሚገባበት ከዋይፋዩ የተለየ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አለው፤ የሚሞላውም መስመሩ ሲገባ ነው። ሪሴት ይህንንም ሊያጠፋ ይችላል። ባለቤቱ ካልጻፈው፣ ከአውሮፕላን ምልክቷ ቁልፍ ያልበለጠው ችግር ወደ 994 የሚደወልበትና ባለሙያ የሚጠበቅበት ጉዳይ ይሆናል።

«ሪሴት አድርጌ የተስተካከለልኝስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ሪሴት ሲደረግ ራውተሩ ጠፍቶ ይበራል፣ ቻናልም እንደገና ይመርጣል። ያስተካከለው ብዙ ጊዜ ይኼኛው ነው፤ ይህንንም ገመዱን ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ በመመለስ ምንም ሳይጠፋ ማግኘት ይቻላል። በሲም ካርድ በሚሠሩ ራውተሮች ላይ የሪሴት ጉዳቱ ቀለል እንደሚል አምናለሁ፤ የሚጠፋው በአብዛኛው የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ስለሆነ። የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ ጨርሶ ከተረሳም ሌላ መንገድ ላይኖር ይችላል። ያኔም ቢሆን ሪሴት መምጣት ያለበት ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው።

መስመር ያለው ቤተሰብ ሁሉ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ከራውተሩ ጀርባ ያለውን ስቲከር በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከኩባንያው የተሰጠውን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድም ከውሉ ጋር ጽፎ ማስቀመጥ። ይህ ከተደረገ ሪሴት የሚያስፈራ አይሆንም፤ መንገዶቹን ተራ በተራ ለሚመረምር ሰው ደግሞ ብዙም አያስፈልገውም።