ጣሳው ሲንኳኳ፦ የማሳ ዳር ማንቂያ ሳይንስ በኢሉባቦር

በመቱ፣ በጎሬና በኡካ ዙሪያ በሚገኙ የኢሉባቦር ገጠሮች የበቆሎ ማሳንና የቡና ደንን የሚለያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ጠባብ የእግር መንገድ ወይም አንድ ረድፍ የእሾህ አጥር ብቻ በመሆኑ፣ እሸት ከሚያዝበት ከክረምቱ መገባደጃ አንሥቶ እህሉ ጎተራ እስኪገባ ድረስ የአርሶ አደሩ ዋና ሥራ መጠበቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ የገባው የያዩ የቡና ደን የዱር አረቢካ ቡና መጠለያ በመሆኑ በዓለም ዘንድ ሲወደስ፣ ለደኑ አጎራባች ለሆነው ገበሬ ግን ያው ደን የዝንጀሮ፣ የጦጣ፣ የዱር አሳማና የጃርት ቤት ጭምር ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደንና እርሻ ተቀላቅሎ በሚገኝበት አካባቢ ጥናት ያካሄዱት ቶላ ገመቹ አንጎና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ኦሪክስ በተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰብል ከሚያጠፉት የዱር አጥቢዎች መካከል ቀዳሚዎቹ ዝንጀሮና የዱር አሳማ መሆናቸውን አሳይተዋል። ጉዳቱ በተበላው እሸት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በጥበቃ ያለቀው ጉልበትና እንቅልፍም ከኪሳራው ይቆጠራል።

እነዚህ ሁለት እንስሳት ደግሞ በአንድ ዘዴ የሚመለሱ አይደሉም። ዝንጀሮ ቀን የሚዘርፍ፣ በመንጋ የሚንቀሳቀስ፣ ዓይኑ የሰላና ያየውን የማይረሳ በመሆኑ፣ በመንገዱ ላይ የተወጠረን ገመድ ዘሎ ወይም በሥሩ ሾልኮ ማለፍ አይቸግረውም፤ ስለዚህ እሱን የሚመልሰው ከማማው፣ ማለትም በማሳ መካከል በእንጨት ላይ ከሚሠራው ከፍ ያለ መጠበቂያ፣ የሚመለከት ሰው፣ ውሻና ወንጭፍ ነው። የዱር አሳማ ግን የሚመጣው ሌሊት ሲሆን፣ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ስለሚመራ ቀጭን ገመድ በጨለማ አያይም። ጣሳና ገመድ ሥራ የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው።

የጣሳ ማንቂያ አሠራር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በማሳው ዳር በካስማዎች ላይ ገመድ ይወጠራል፣ ጠጠር የተጨመረበት ባዶ ጣሳ ይንጠለጠልበታል፣ እንስሳው ገመዱን ሲገፋ ጣሳው ይንኳኳል። ችግሩ የሚጀምረው አንድን ረጅም ገመድ በማሳው ዙሪያ ሁሉ አዙሮ ጫፉን ማማው ላይ ካለ ጣሳ ጋር ለማሰር ሲሞከር ነው። ገመድ በካስማ ላይ በታጠፈ ቁጥር ሰበቃ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ሲተሻሹ እንቅስቃሴን የሚቃወመው ኃይል፣ ከመጎተቻው ጉልበት ላይ ይቀንሳል፤ ቅነሳውም በየማዕዘኑ እኩል የሚደመር ሳይሆን እየተባዛ የሚሄድ ነው። የገመዱና የእንጨቱ የሰበቃ መጠን 0.3 ቢሆን፣ አንዱን የማሳ ማዕዘን ሲዞር ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል በ1.6 እጥፍ ይጨምራል፤ አራቱን ማዕዘኖች ሲዞር ደግሞ ከ6 እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚህ ላይ ናይለን ገመድ ስለሚለጠጥ የግፊቱ ከፊል በመለጠጥ ያልቃል፤ የቃጫ ገመድ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ያብጥና ያጥራል፣ ሲደርቅ ይላላል። እንደ ኢሉባቦር ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም፤ ማታ በልኩ የተወጠረ ገመድ ከዝናቡ በኋላ በራሱ ጊዜ ጣሳውን ሊጎትት ይችላል። ስለዚህ አንዱን ረጅም ገመድ ትቶ ለእያንዳንዱ ጎን የራሱን አጭርና ቀጥ ያለ ገመድ መስጠት የተሻለ ነው። ጣሳውም አፉ ወደ ታች ሆኖ መንጠልጠል አለበት፤ ውኃ የሞላበት ወይም ጭቃ የተለጠፈበት ጣሳ ስለማይርገበገብ ድምፁ ይታፈናል።

የገመዱ ከፍታም ይታሰብበታል። የዱር አሳማ ትከሻ ከመሬት ከ55 እስከ 88 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ በ40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የተወጠረ ገመድ ደረቱን ያገኘዋል፤ ጃርት ግን በሥሩ ታልፋለች፣ ለእሷ ሌላ ዝቅ ያለ ገመድ ያስፈልጋል።

ጣሳው ከጮኸ በኋላ ጉዳዩ የድምፅ ነው። ክፍት በሆነ ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፅ መጠን በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ በመሆኑም በ1 ሜትር ርቀት 80 ዴሲቤል የነበረ ኳኳታ 100 ሜትር ላይ ወደ 40 ይወርዳል፣ ይህም ጸጥ ባለ ቦታ ከሚደረግ የዝግታ ንግግር ብዙ የማይርቅ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ምድር ቀድማ ስለምትቀዘቅዝ ከታች ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ድምፅ ደግሞ በሞቀ አየር ውስጥ ፈጥኖ ስለሚጓዝ ወደ ላይ የሄደው ሞገድ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል። የሩቅ ውሻ ጩኸት ሌሊት ቀርቦ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ሲሆን ጣሳውም ከዚሁ ይጠቀማል። ዝናብ ግን ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ ጠባቂው የተጠለለው በቆርቆሮ ክዳን ሥር ከሆነ የክዳኑ ድምፅ ብቻውን ጣሳውን ያጠፋዋል። ቆርቆሮ ለመኖሪያ ቤት የቱንም ያህል ቢመረጥ፣ ለማማ የሣር ክዳን ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሐሰት ማንቂያ ነው። ነፋስ ጣሳውን በአንድ ሌሊት 6 ጊዜ ቢያንኳኳውና አሳማ በ3 ሌሊት አንድ ጊዜ ቢመጣ፣ በ3 ሌሊት ከሚሰሙት 19 ኳኳታዎች እውነተኛው አንዱ ብቻ ነው፤ ይህን የሚሰማ ጠባቂ በአራተኛው ሌሊት ባይነሣ ስንፍና ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። ገመዱን በማክበድ ወይም በማጥበቅ የሐሰቱን ቁጥር መቀነስ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን በቀስታ የሚገባ እንስሳ ሳይሰማ ያልፋል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው የተሻለ መንገድ ሁለት ገመዶችን በ10 ሜትር ርቀት አንዱን ከውጭ፣ ሌላውን ከውስጥ ወጥሮ በውጫዊው ጣሳ፣ በውስጣዊው ቃጭል ማንጠልጠል ነው። ነፋስ ሁለቱን በአንድነት ሲያናውጣቸው፣ እንስሳ ግን አስቀድሞ ጣሳውን፣ ጥቂት ቆይቶ ቃጭሉን ያንኳኳል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ደግሞ የገባው እየወጣ ነው ማለት ነው። ውጫዊው ገመድ ከሰብሉ በራቀ መጠን ጊዜ ይገኛል፤ ርቀቱ 50 ሜትር ቢሆን፣ በሴኮንድ 2 ሜትር የሚራመድ አሳማ ይህን ለመጨረስ 25 ሴኮንድ ይፈጅበታል፣ ጠባቂውም ከማማው ለመውረድ ያለው ጊዜ ይኸው ነው።

ኳኳታው በራሱ እንስሳውን አባሮ ያስቀራል ብሎ ማሰብ ደግሞ የተለመደ ስሕተት ነው። እንስሳት ጉዳት ያልተከተለውን ድምፅ እየተላመዱ መናቅ ይማራሉ። የጃፓን ገበሬዎች በሩዝ ማሳቸው ላይ በገመድ የሚጎተት የእንጨት ማንኳኪያ ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ በእሱ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገመዱን የሚጎትት ሰው ነበረ። በኬንያ ሉሲ ኪንግ የተባለች ተመራማሪ የሠራችው የቀፎ አጥር ከዚህ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ በሽቦ የተያያዙት ቀፎዎች ዝሆን ሽቦውን ሲገፋ ስለሚናወጡ የሚወጡት ንቦች ማስጠንቀቂያውን በንድፊያ ያጸኑታል። ኢሉባቦር ቀፎ በረጃጅም ዛፎች ላይ የሚሰቀልበት የማር አገር በመሆኑ ሐሳቡ ያጓጓል፤ ሆኖም ንብ በጨለማ እምብዛም ስለማትበር በሌሊቱ አሳማ ላይ ብዙ ተስፋ የሚጣልባት አይደለችም።

በገበያ የሚገኘው የሰውነት ሙቀት ጠቋሚ መሣሪያ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። ሞቃት አካል ሁሉ ኢንፍራሬድ የሚባል ለዓይን የማይታይ ጨረር የሚያወጣ ሲሆን፣ የአጥቢዎች ጨረር በ9 ማይክሮሜትር ሞገድ ርዝመት አካባቢ ይበረታል። መሣሪያው ይህን በሁለት ጎን ለጎን በተቀመጡ ተቀባዮች ስለሚያነጻጽር፣ ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ብቻ ምልክት ይሰጣል። የጎሬ ዓይነት ቀዝቃዛ ሌሊት በእንስሳውና በአካባቢው መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ስለሚያሰፋ ለመሣሪያው ይመቸዋል፤ ጉም፣ ዝናብና የረጠበ ፀጉር ግን ያዳክሙታል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ከሆነም ደመናማው ወቅት ባትሪውን ያስርበዋል።

በገመዱ ላይ ከጣሳና ከቃጭል ሌላ፣ ወጥመድ፣ ስለት ወይም የመብራት መስመር የሚያስሩ ሰዎች ማንቂያውን ወደ ቅጣት ይለውጡታል፤ ቅጣቱም አሳማንና ጥጃን፣ እንግዳንና የቤት ልጅን አይለይም። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መግደል በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ በመሆኑም ነገሩ ከማሳው አልፎ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ጉዳት የሌለው የጣሳ ገመድ እንኳ ከብት ከመሰማራቱና ልጆች ውኃ ከመውረዳቸው በፊት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ከካስማው ይፈታል።