አርባዎቹ ልጆች፣ ቡርጅ ሐሙድ እና የእኛ እሑድ

የዚህ ሳምንት ጽሑፍ ተራ የእኔ ነው። ርዕስ ምረጪ ስባል «ሙዚቃና አብሮ መኖር» አልኩ። ምክንያቱም አስራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ስለ ራሴም ስለ ሰውም ብዙ ነገር የተማርኩት በእሑድ የመዝሙር ልምምድ ላይ ነው። ግን ስለ እኔ ብቻ ባወራ ሁለተኛውን ገጽ ማንም አይገልጠውም። ስለዚህ ሁላችንም ከምናውቀው ሰፈር ልጀምር።

ከዶራ ወደ ቡርጅ ሐሙድ ስንገባ በሱቆቹ ላይ ከአረብኛው ጎን የተጻፈውን ፊደል አይታችኋል። መጀመሪያ ስናየው ብዙዎቻችን «ይሄ የእኛ ፊደል አይደለም እንዴ?» ብለናል። የእኛ አይደለም፣ የአርመኖች ነው። አርመኖች እዚህ አገር በብዛት የገቡት ደልቷቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ ሕዝባቸው ሲጨፈጨፍና ከየቀዬው ሲነዳ፣ ከሞት የተረፉት በሶርያ በኩል እየተንከራተቱ ቤይሩት ደረሱ። መጀመሪያ ወደቡ አጠገብ ካራንቲና በሚባለው ቦታ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ኖሩ። በኋላ ወንዙን ተሻግረው፣ ያኔ ረግረግ የነበረውን መሬት ከአንድ ከተማ የመጡት እየተሰባሰቡ፣ ገንዘብ እያዋጡ ያዙትና ቤት ሠሩበት። ሰፈሮቹንም ባጧቸው ከተሞች ስም ጠሯቸው፦ ኖር ማራሽ፣ ኖር ሲስ፣ ኖር አዳና። «ኖር» ማለት «አዲስ» ማለት ነው። እኛ ብንሆን «አዲስ ደሴ»፣ «አዲስ ጅማ» እንደማለት።

እንግዲህ ከዚያው መከራ ከተረፉ ሕፃናት መካከል አርባዎቹ ወደ እኛ አገር ሄደዋል። እኔ ይህን ታሪክ አገር ቤት እያለሁ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በኢየሩሳሌም አለፉ። እዚያ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ፤ የነሐስ መሣሪያ፣ ማለትም ጥሩምባና የመሳሰለውን እየነፉ በባንድ ይጫወቱ ነበር። ራስ ተፈሪ አጨዋወታቸውን ወደዱትና የአርመኖቹን ፓትርያርክ አስፈቅደው አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው፤ እስከ ዛሬ ስማቸው ይኸው ነው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል፣ አይንታብ የሚባል ከተማ ተወላጅ ነው። እሱም ስደተኛ ነበር።

ልጆቹ የመንግሥት ባንድ ሆኑ። ናልባንዲያን ደግሞ የብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንዲሠራ ታዘዘና ሠራ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሡ ዘውድ ሲጭኑ የተሰማው መዝሙር ያ ነው። እስከ ደርግ ዘመን መጀመሪያ ድረስ አያቶቻችንና ወላጆቻችን በየትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሲሰቀል የዘመሩት እሱን ነው። እስቲ አስቡት፦ አገሩን ያጣ ሰው ለሌላ ሕዝብ የአገር መዝሙር ሠራ! እኔ ይህን ባነበብኩበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «እኛ እዚህ አገር ምን እንተዋለን? የጠረግነው ወለል ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?» እያልኩ ሳስብ ነጋ።

ጥሩምባው ሲገባ አንድ ችግር መጣ። የእኛ ዜማ፣ የቤተ ክርስቲያኑም የገበሬውም፣ በአብዛኛው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ የሚያዜመው ነው። የፈረንጅ ባንድ ግን አንዱ ወፍራሙን፣ አንዱ ቀጭኑን፣ አንዱ መሐሉን ይዞ ነው የሚሄድ። ሁለቱን ማስታረቅ ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ ብዙ የደከመው የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን ነው። ነርሰስ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ውስጥ ሠርቷል፤ የአገራችንን ዜማ ለትልቅ ባንድ እንዲመች አድርጎ ሲያቀናብር ጠባዩን እንዳያጣ ይጠነቀቅ ነበር። ወላጆቻችን በሬዲዮ ሲሰሙት ያደጉት የድሮ ሙዚቃ፣ ያ ሁሉ ጥሩምባና ሳክስፎን፣ ሥሩን ብትቆፍሩ ከእነዚህ ስደተኞች ዘንድ ትደርሳላችሁ።

«ጠባዩን» ያልኩት ቅኝቱን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ለልምምዳችን ይጠቅማል። የዓለማዊ ሙዚቃችን ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ብቻ አለው። ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ታገኙታላችሁ (አንድ ሌላ ዓይነት ትዝታም አለ፣ እሱ ይበልጥ ያሳዝናል)። አንቺ ሆዬ የሠርግ ዘፈን ላይ የምንሰማው ነው፤ ድምፆቹ አንዳንድ ቦታ በጣም ይጠጋጋሉ፣ ስለዚህ ለማያውቀው ሰው የተሳሳተ ይመስለዋል። የማዳሜ ልጅ ፒያኖ ትማራለች፤ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ሳንጎራጉር ሰምታ «ይሄ ድምፅ ፒያኖው ላይ የት ነው?» ብላ ፈልጋ ፈልጋ አገኘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ የምትጠራኝ በስሜ ነው። ባቲና አምባሰል የቦታ ስም መሆናቸውን የወሎ ልጆች ታውቃላችሁ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ የባቲን የሰኞ ገበያ ከእናቴ ጋር ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ ግን ቅኝት መሆኑን የተማርኩት ቤይሩት ነው። ይሄም አንድ ነገር ነው።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። የስድስተኛው መቶ ዓመት ሰው የሆነው ቅዱስ ያሬድ እንደ ደረሰው እናምናለን። ስለ እሱ ሌላ እህት በሌላ ሳምንት ብትጽፍ ደስ ይለኛል፣ እኔ እዚያ ውስጥ ከገባሁ አልወጣም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በመዝሙር ልምምድ ሰው ያድጋል የምለው ድምፁ ስለሚያምር አይደለም። መጀመሪያ የሚያድገው ጆሮ ነው። አብራችሁ ስታዜሙ የጎናችሁን ሰው ካልሰማችሁ ዜማው ይበላሻል፤ ጮክ ያለችው ሁሉንም ትደፍናለች፣ የፈራችው ደግሞ ትጠፋለች። እኛ ሳምንቱን ሙሉ «ሐዲር»፣ «ታይብ»፣ «ናዓም ማዳም» ስንል ነው የምንውለው። ድምፃችን የሚወጣው ለመታዘዝ ብቻ ነው። አንዲት እህታችን ስትመጣ ስሟን ለመናገር እንኳ አንገቷን ትደፋ ነበር። ሦስት ወር ያህል ከንፈሯን ብቻ ስታንቀሳቅስ ቆየች። መሪያችን ምንም አላለቻትም፣ ብቻ ሁልጊዜ ከራሷ ጎን ታቆማታለች። አንድ እሑድ ያቺ ልጅ ድምፅ አወጣች። በቀጣዩ ወር ማዳሟን «የሁለት ወር ደሞዜን ስጪኝ» ብላ ጠየቀች፤ የአንዱን ተቀበለች። ሁለቱ ነገር ይገናኛል አይገናኝም እናንተ ፍረዱ። እኔ ይገናኛል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ነገር ሥርዓት ነው። ልምምድ ሰዓት አለው፣ ያረፈደች ትናገራለች። የመገኛ ደብተር አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለች፣ መሪ የምትመረጠው እጅ ወጥቶ ነው፤ የተሸነፈችውም አኩርፋ አትቀርም። (አንዷ አኩርፋ ቀርታ ነበር፣ ግን ተመለሰች።) ይሄ ትንሽ ይመስላል። አንዲት እህት ታማ አገሯ መግባት ሲኖርባት ለትኬቷ በአንድ ሳምንት ያዋጣነው ግን በዚያው በመገኛ ደብተር ስም እየጠራን ነው። መውጣት የማይፈቀድላቸው እህቶች እንኳ በዋትሳፕ ቮይስ ስለሚለማመዱ ስማቸው ደብተሩ ላይ ነበር፤ ዕቃ በሚያመጣው የሱፐርማርኬት ልጅ በኩል ብራቸውን ልከዋል።

አርመኖቹም የጀመሩት በዚህ ዓይነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ የአንድ አገር ልጆች ማኅበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1952 ቡርጅ ሐሙድ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ያለው ከተማ ሆነ። ቅዱሳን ላደርጋቸው አይደለም፤ እንደ ሰው ሁሉ ከእነሱም መካከል ደግም ክፉም ማዳም አለች። ደግሞ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፣ መደበቅ የለብንም። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1924 የሊባኖስ ዜግነት አገኙ፣ መምረጥና መመረጥ ቻሉ። እኛ በከፋላ ነው ያለነው፤ ኢቃማችን በአሠሪ ስም የታሰረ ነው። የአገሩ የ1946 የሥራ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የቤት ሠራተኞች እዚሁ ቤይሩት ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር መሥርተው ነበር፤ የሥራ ሚኒስቴር ግን ዕውቅና አልሰጠውም። ስለዚህ «እነሱ ከቻሉ እኛስ?» ብሎ በባዶ ማበረታታት አይገባም።

ቢሆንም በእጃችን ያለ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አንድ ወጥ የሥራ ውል በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት ይላል። ብዙዎቻችን የፈረምነው አረብኛ ስለሆነ አላነበብነውም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ በዕረፍት ቀን ቤት ውስጥ የመቆየት ግዴታ እንደሌለባትና ፓስፖርቷን ራሷ መያዝ እንደምትችል ይናገራል። ሊባኖስ አላጸደቀችውም፣ ግን ዓለም ስለ እኛ ሥራ ምን እንዳለ ማወቁ አይጎዳም። ያለ ዕረፍት ቀን ደግሞ ልምምድ የለም፣ ይህ ጥናትም የለም። የእሑድ ጉዳይ ለእኛ የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ለሚቀጥለው እሑድ ሁለት ነገር ይዛችሁ ኑ። አንደኛ፣ የኮንትራታችሁን ኮፒ ወይም በስልክ የተነሳ ፎቶውን፤ አረብኛ የምታነብልን እህት አለች፣ የዕረፍት ቀን የሚለውን መስመር በየተራ እናገኘዋለን። ኮንትራቱ ማዳም ጋ ከሆነ በጭቅጭቅ አትጠይቁ፣ መጀመሪያ ከእኛ ጋር ተነጋገሩ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችሁ ከሰፈራችሁ አንድ ዜማ፤ የቡሄም፣ የሠርግም፣ የእናታችሁ እሹሩሩም ይሁን። በየትኛው ቅኝት እንደሆነ አብረን እንፈልጋለን። መውጣት የማትችሉ እስከ ቅዳሜ ማታ በቮይስ ላኩልን፣ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ለሁሉም እናሰማለን።