የባለጠጎች ጭስና የዓባይ ብርሃን

በጳጉሜን ወር 2017 ዓ.ም. በሀገራችን ሁለት ታላላቅ ጉዳዮች በአንድ ሳምንት ተገናኙ። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የአዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ ከ3 እስከ 5 ቀን ተካሄደ። ጉባኤው ሳይበተን፣ በ4 ቀን፣ ጉባ ላይ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በአንደኛው ስፍራ የሚነገረው ስለ ጭስ ነበር፤ በሁለተኛው ስፍራ የሚታየው ውሃ ነበር። የሁለቱ መነሻ ግን አንድ ነው፤ እርሱም በምድር ሀብት ማን ተጠቀመ፣ ማን ተከለከለ፣ ዕዳውንስ ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ለዲፕሎማቶችና ለጠበብት ብቻ መተው እንደማይገባ እናምናለን። የገርጂ፣ የሰሚት፣ የአያት፣ የጎሮና የቦሌ አራብሳ ነዋሪ በየዕለቱ ይኖርበታልና። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው፣ የታክሲው ታሪፍ፣ የቧንቧው ፈረቃ፣ የከሰሉ ዋጋ፣ ሁሉም በዚያ በታላቁ አዳራሽ ከሚካሄደው ክርክር ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጭሱ። ከፋብሪካና ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ወጥ ቤት ጭስ ነፋስ ጠርጎት የሚሄድ ነገር አይደለም፤ ከፊሉ ለመቶዎች ዓመታት ከባቢ አየር ውስጥ ይቆያል። በመሆኑም የዛሬ መቶ ዓመት በማንቸስተርና በፒትስበርግ ምድጃዎች የነደደው ድንጋይ ከሰል ዛሬም በቦረና አርብቶ አደር ራስ ላይ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እስከ ዛሬ ከወጣው ካርቦን ሩብ የሚጠጋው የዩናይትድ ስቴትስ ነው። ከዓለም ሕዝብ አምስት እጅ አንዱን የሚጠጋ ሕዝብ የያዘችው አፍሪካ ግን ድርሻዋ ከመቶ 4 አይሞላም። አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ 14 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያወጣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅ የሚያወጣው ሩብ ቶን እንኳ አይደርስም። ይህ በየትኛውም ሚዛን ቢለካ እኩል ዕዳ ሊባል አይችልም።

ታዲያ ባለዕዳዎቹ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1997 የኪዮቶ ስምምነት ሊፈረም ወራት ሲቀሩት የአሜሪካ ሴኔት ታዳጊ ሀገሮች ግዴታ የማይገቡበትን ውል እንደማይቀበል 95 ለ0 በሆነ ድምፅ ወሰነ። በ2015 የፓሪስ ስምምነት ጸደቀ፤ አሜሪካ በ2020 ወጣች፣ በ2021 ተመለሰች፣ በጥር 2026 እንደገና ወጣች። ዋሽንግተን ጣቷን ወደ ቤጂንግ ትቀስራለች፤ በእርግጥም ቻይና ዛሬ በየዓመቱ ከሚወጣው ካርቦን ሲሶውን የሚጠጋ ታወጣለች፤ ከዓለም ድንጋይ ከሰልም ከግማሽ በላይ የሚነደው እርሷ ዘንድ ነው። ቤጂንግ ደግሞ የቀደመውን ዘመን ዕዳ ትጠቅሳለች። ሁለቱም የሚናገሩት ሐቅ አለ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚረገጠው ሣሩ ነው እንዲሉ፣ በመካከል ድርቅና ጎርፍ የሚፈራረቁበት ሕዝብ ይቀራል።

የገንዘቡም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገን ጉባኤ፣ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነበሩበት ጊዜ፣ ባለጠጎቹ እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። በራሳቸው ድርጅት አቆጣጠር እንኳ ቃሉ የተሞላው በ2022 ነው፤ ያውም የሚበዛው ብድር ነበር። ቤት ያቃጠለ ሰው ለቤቱ ባለቤት ማሠሪያ በወለድ ሲያበድር ምን ይባላል? በ2024 በባኩ ታዳጊዎቹ 1.3 ትሪሊዮን ጠየቁ፤ የተፈቀደላቸው እስከ 2035 የሚደርስ 300 ቢሊዮን ነው።

የንጹሕ ኃይል ጉዳይም የውድድር ሜዳ ሆኗል። የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ ከሚሠራባቸው ደረጃዎች በእያንዳንዱ ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው በቻይና እጅ ነው። ስለ ንጹሕ ኃይል ለዓመታት ሲሰብኩ የኖሩት ምዕራባውያን ዕቃው ርካሽ ሆኖ በደጃቸው ሲደርስ ግን በሩን መዝጋት ጀመሩ፤ አሜሪካ በ2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ ቀረጡን 100 በመቶ አደረሰች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ስብከቱ የከበርቴው ትርፍ እስካልተነካ ድረስ ብቻ ይጸና ነበር ማለት ነው።

ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሏን ስታስታውቅ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ዛሬ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ ባለው መንገድ ድምፅ የማያሰሙት የቻይና መኪናዎች መብዛታቸውን ለመረዳት ጥናት አያስፈልግም። ውሳኔው ትክክል ነው እንላለን፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነዳጅ ከጅቡቲ በቦቴ ከማጓጓዝ በገዛ ወንዛችን ኃይል መንቀሳቀስ የተሻለ ነው። ነገር ግን የቤት መኪና የሚገዛው ማን ነው? ላብ አደሩ የሚጓዘው በአያት መስመር ባቡር ነው። ከአያት በመገናኛ አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በሀገር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጭስ የሌለው ነው። ከ475 ሚሊዮን ዶላሩ ወጪ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ኃይሉ የራስ ሆኖ ብሎኑ የሰው ከሆነ ነጻነቱ ጎዶሎ ነው። በኤሌክትሪክ መኪናውም ላይ ይኸው እንዳይደገም ባትሪ የሚጠግን፣ መለዋወጫ የሚቀርጽ የገዛ ባለሙያ አሁኑኑ መሠልጠን ይኖርበታል።

የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ይረዱታል። የሚሰፉት ሸሚዝ በውሃ ኃይል በሚሽከረከር መኪና የተሰፋ ነው፤ ከሀገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚገኝ ነውና። በሌላ ሀገር በድንጋይ ከሰል ኃይል የተሰፋው ሸሚዝ አጠገቡ ሲሰቀል ግን ለንጽሕናው አንድ ሳንቲም የሚጨምርለት የለም። እንዲያውም አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የኢትዮጵያን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል በፖለቲካ ምክንያት ሰረዘች። በዚህ መካከል የአውሮፓ ኅብረት በብረት፣ በሲሚንቶ፣ በአሉሚኒየም፣ በማዳበሪያ፣ በኤሌክትሪክና በሃይድሮጅን ላይ የካርቦን ቀረጥ ደንግጎ ከጥር 2026 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጓል። ቀረጡ ገንዘብ የሚያስገባው ለብራስልስ ካዝና ነው እንጂ ድርቅ ለመታው አይደለም።

ጉልበተኛ እምቢ ሲል ምን እንደሚሆንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኅብረቱ ወደ አውሮፓ የሚበሩ የውጭ አየር መንገዶችን ሁሉ የካርቦን ክፍያ ሊያስከፍል ተነሣ። ቻይና፣ ሕንድ፣ ሩሲያና አሜሪካ በአንድ ድምፅ ተቃወሙ፤ ሕጉ በዚያው ዓመት ለውጭ በረራዎች ቆመ። አፍሪካ ብቻዋን ብትጮህ ኖሮ ይቆም ነበር ወይ? ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ፍራንክፈርት የሚበረውን አውሮፕላን ያዳነው የእኛ ክርክር ሳይሆን የሌሎች ክንድ ነበር።

አሁን ወደ ውሃው እንለፍ፤ ነገሩ የሚጠናው እዚህ ላይ ነውና። በ1894 ዓ.ም. እንግሊዝ ከአፄ ምኒልክ ጋር በተፈራረመችው ውል የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ፍሰት የሚገታ ሥራ ያለ እርሷ ስምምነት እንዳይሠራ አስገባች። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ያችው እንግሊዝ ቅኝ ግዛቶቿን ወክላ ለግብፅ የእምቢታ ሥልጣን ሰጠች። በ1959 ግብፅና ሱዳን በአስዋን የሚደርሰውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ብለው ተካፈሉ፤ ቀሪውን 10 ቢሊዮን የሚተነው ብለው መዘገቡት። ለፀሐይ እንኳ ድርሻ ሲቆረጥላት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ ለሚመነጭባት ሀገር ጠብታ አልተመደበም።

ኢምፔሪያሊስቶችም ወንዙን ለፉክክራቸው ተጠቀሙበት። አሜሪካና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአስዋን ግድብ የታሰበውን ገንዘብ ነፈጉ፤ ሶቪየት ኅብረት ገባችበት፤ ግድቡ በ1970 ተጠናቀቀ። አሜሪካ ይህን ስታይ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ፊቷን አዞረች፤ የመሬት ልማት ቢሮዋ ዓባይን አጥንቶ በ1964 ባወጣው ሰነድ ካራዶቢን፣ ማቢልን፣ መንዳያንና በሱዳን ወሰን አጠገብ ያለውን ስፍራ ለግድብ ጠቆመ። የመጨረሻው ዛሬ ሕዳሴ የቆመበት አካባቢ ነው። ጥናቱ ተጠረዘና መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ለማፍሰስ የመጣ ግን አልነበረም። ጥናቱ ለካይሮ ማስፈራሪያነት ከተፈለገው በላይ ለእኛ ልማት መፈለጉ ያጠራጥረናል።

በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የውጭ አበዳሪ ለግድቡ ግንባታ እጁን አልዘረጋም። የወር ደመወዙን የሰጠው መምህር፣ ቦንድ የገዛው ሊስትሮ፣ ከዕድር ሣጥን የተዋጣው ብር ነው ኮንክሪት የሆነው። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ። ዛሬ ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃም ይይዛል። ውሃው ተርባይኑን አሽከርክሮ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ አይጠፋም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ በዚሁ ግድብ ምክንያት ለኢትዮጵያ ከምትሰጠው ዕርዳታ ከፊሉን አገደች። ለንጹሕ ኃይል ዋና ተቆርቋሪ ነን የሚሉ ሰዎች ያለ ጭስ የሚያመነጭ ሥራ ሲቀጡ ዓለም ተመለከተ።

የግብፅ ገበሬ ጠላታችን አይደለም፤ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ከሚጠቀምበት ውሃ ከመቶ 90 በላይ ከዓባይ የሚያገኝ ሕዝብ ሥጋት ቢያድርበት አያስገርምም። ሥጋቱን ለሥልጣን ማራዘሚያ የሚያራግበው ግን ሌላ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. በኢንቴቤ ለፊርማ የቀረበው የናይል ትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል፤ ካይሮና ካርቱም ግን እስከ አሁን ከውጭ ናቸው። የድርቅ ዓመት መጣ ሲባል ማን ምን ያህል እንደሚለቅ በመረጃ ልውውጥ መነጋገር የሚቻለው በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ይህን ሁሉ በውጭ ላሉት ከተናገርን በኋላ ወደ ገዛ ደጃችን ካልተመለስን ንግግራችን ግማሽ ይሆናል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ከመብራት መስመር ጋር አልተገናኘም። በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ የጋራ ሕንፃዎች በረንዳ ላይ የከሰል ምድጃ መቼ ጠፋ? እናቶች በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ መጋገር ጀምረው መብራት ሲቋረጥ ሊጡ ይበላሽባቸዋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል፤ ለመስመርና ለጥገና ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አንክድም። ግን በቅርብ ዓመታት ከርካሹ ኃይላችን ከፊሉን ለቢትኮይን አምራች የውጭ ኩባንያዎች መሸጣችን መታወቅ አለበት። ዶላር ያስገባል፤ እሺ። የሀገሪቱ ኤሌክትሪክ ኃይል አዲስ አምራቾችን መቀበል ማቆሙ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ከደመወዙ ለግድቡ ያዋጣው ሠራተኛ ቤት ሳይበራ ለሌላ ሀገር ሰው የቁጥር ማስያ ማሽን ቅድሚያ የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

የውሃውም ፍትሕ እንዲሁ ነው። የምሥራቅ አዲስ አበባ ቧንቧ የሚሞላው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1970 ከተሠራው ከለገዳዲና በኋላ ከተጨመረው ከድሬ ግድብ ነው። ሁለቱም ከከተማው ውጭ፣ በአርሶ አደር መሬት መካከል ናቸው። ካይሮን ፍትሐዊ አጠቃቀም እያልን የምንሞግት ሰዎች ለለገዳዲ ገበሬ የሰጠነው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ያምርብናል። ከታች ደግሞ የከተማው ፍሳሽ በአቃቂ ወንዞች ወርዶ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ በዚያ 6.6 ሜጋ ዋት የምታመነጭ፣ በቻይና ዕርዳታ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሳ ሥራ የጀመረች አሮጌ ጣቢያ አለች፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያበቅለው ገበሬ ለእኛ የታችኛው ተፋሰስ ሀገር ነው። ቆሻሻችንን ስንለቅበት ማስታወቂያ እንኳ አንልክለትም።

እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ይካሄዳል። የዓለም መሪዎች ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደው በሰፈራችን ያልፋሉ። የመሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የዕድሮችና የጋራ ሕንፃ ማኅበራት እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ባንዲራ ለመስቀል መጠበቅ የለባቸውም። በየሕንፃው ስንት ቤት በከሰል እንደሚያበስል፣ ምክንያቱም የምጣድ እጦት ይሁን የመብራት መቆራረጥ፣ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የፍሳሽ መስመሩ የት እንደሚሰበር መዝግበው ለየወረዳው ማቅረብ ይችላሉ። መዝገቡ ለዚያ ጉባኤ ከሚዘጋጀው ከየትኛውም ሰነድ ያላነሰ ክብደት ይኖረዋል፤ ደብተርና እስክርቢቶ ብቻ ይበቃዋል፤ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ሊጀመርም ይችላል።