የአምባሩ ወርቅነት በውኃ ሲመዘን

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዙሪያ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች ከወንዝ ዳር የዛቁትን አሸዋ በውኃ እያወዛወዙ ሲያጥቡ ቀላሉ አሸዋ ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ ወርቁ ከሥር ይቀራል። ምክንያቱም የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ አሸዋ መጠነ ቁስ 2.65 ግራም ያህል ሲሆን የወርቅ ግን 19.3 ግራም በመሆኑ ነው። ይህ ባሕርይ እፍግታ ይባላል።

ወርቅን ከአሸዋ የለየው ይኸው ባሕርይ እውነተኛውን አምባር ከሐሰተኛው ሊለይልን ይችላል። ዓይን የሚያየው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከገዛው “ወርቅ” ከፊሉ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ መገኘቱ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ለምሳሌ ያህል 20 ግራም የሚመዝን አምባር እንውሰድ። ውኃ የያዘ ብርጭቆ የግራም መቶኛ በሚያነብ የወርቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠን ንባቡን ዜሮ እናደርጋለን። ቀጥሎ አምባሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለን፣ ብርጭቆውን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ እናጠልቀዋለን። በአርኪሜደስ መርህ መሠረት ሚዛኑ የሚያሳየው አምባሩ የገፋውን ውኃ ነው። ንጹሕ ወርቅ ወይም 24 ካራት ከሆነ 1.04 ግራም፣ 75 በመቶው ወርቅ የሆነ ባለ 18 ካራት ከሆነ 1.3 ግራም ገደማ፣ የተለበጠ ብረት ከሆነ ግን 2.5 ግራም ገደማ እናነባለን።

እንደ ገመድ የተገመደ አምባር ሲሆን ጥንቃቄ ያሻል። በቀለበቶቹ መካከል የተደበቀ የአየር አረፋ እውነተኛውን ወርቅ ሐሰተኛ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ በውኃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረን አምባሩን እናራግፈዋለን። ውስጡ ክፍት የሆነ አምባርም ወርቅ ሆኖ ሳለ ቀላል ይመስላል። በአንጻሩ የተንግስተን እፍግታ ከወርቅ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ይህ ፈተና ብቻውን አይለየውም። ስለሆነም ስንገዛ ካራቱን የሚያመለክተውን ማኅተም ማየት፣ ክብደቱንና ካራቱን የሚገልጽ ደረሰኝ መቀበል፣ ውስጡ ድፍን መሆኑንም መጠየቅ ይገባል።

አያያዙም ከዚሁ ሳይንስ ይመነጫል። ወርቅ ለስላሳ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ከእርሱ እጅግ ይጠነክራል፤ ስለዚህ አምባርን በአሸዋ ማሸት ወርቁን መፋቅ ነው። ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ይበቃል። በረኪና በቅይጡ ውስጥ ያሉትን መዳብና ብር ስለሚያጠቃ ልብስ ስናጥብ አምባሩን እናውልቅ። የተገመዱት ቀለበቶች እርስ በርስ ሲፋተጉ ስለሚሳሱ፣ መቆለፊያውን ጨምሮ በየጊዜው ለወርቅ ሠሪ ማሳየት ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ሜርኩሪ ከአምባሩ ይራቅ። ከወርቅ ጋር ተዋሕዶ ያነጣዋል። ይህን ለማስለቀቅ ብለን በቤታችን እሳት ላይ ብናደርገው የሚወጣው ትነት ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ በተለይም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ ነው። አምባር ቢበላሽ ይተካል፤ ጤና ግን አይተካም።