አንድ ጣሳ ሰርዲን ለአንድ ቤተሰብ፦ ከጓሮ አትክልት ጋር ጣፋጭ አድርጎ ማዘጋጀት

የሥልጠና ጽሑፍ ለከተማ ግብርና ተጠቃሚዎች፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ

1. መግቢያ

ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከዓለም ባንክ እስከ አጣና ተራ ባሉት ሰፈሮቻችን ሰርዲን በብዙ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ይገኛል። አብዛኞቻችን የምናውቀው አበላል ግን አንድ ነው። ጣሳው ይከፈታል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ በቃ። በዚህ አበላል አንድ ጣሳ የሚያጠግበው አንድ ሰው ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት አምስት ጣሳ መግዛት ስለማይችል ሰርዲን "የወንደላጤ ምግብ" ተብሎ ይቀራል።

በሌላ በኩል እናንተ ሠልጣኞች በጓሮ፣ በኬሻና በአሮጌ ጎማ ውስጥ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቃሪያና ቲማቲም ታመርታላችሁ። በብዙ ቤት አትክልቱ አለ፣ እንጀራውና ሽሮውም አለ። ከሕፃናት ገበታ የሚጎድለው ከእንስሳት የሚገኘው ምግብ ነው። ሥጋ ለበዓል፣ እንቁላል አልፎ አልፎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት በአንድ ጣሳ ሰርዲንና በጓሮ ምርት እንዴት መሙላት እንደሚቻል ማሳየት ነው። ዋናው መልእክት እንዲህ ነው፦ አትክልቱን በደንብ አብስሉ፣ ዓሣውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ፣ አጥንቱን አትጣሉ።

2. ሰርዲን ምንድን ነው?

ሰርዲን በባሕር ውስጥ በመንጋ የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነው። የጨው ውሃ ዓሣ በመሆኑ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ ወይም በጫሞ ሐይቅ አይገኝም። ወደ ሱቃችን የሚመጣው ከውጭ አገር በጣሳ ታሽጎ ነው። በዓለም ላይ የታሸገ ሰርዲን በብዛት ከሚልኩት አገሮች ቀዳሚዋ ሞሮኮ ናት። በጣሳ ላይ "ሰርዲን" ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዝርያ ብቻ ስላልሆነ፣ የሥጋው ውፍረትና ጣዕሙ ከጣሳ ጣሳ ቢለያይ አይግረማችሁ።

ዓሣው ጭንቅላቱና የሆድ ዕቃው ወጥቶ ጣሳ ውስጥ ይደረደራል፣ ዘይት ወይም የቲማቲም ስጎ ወይም ጨው ያለው ውሃ ይጨመርበታል፣ ከዚያም ይታሸጋል። ከታሸገ በኋላ በእንፋሎት ግፊት ከ110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ባለው ሙቀት ይበስላል። ይህ ሙቀት ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ምግብ የሚያበላሹትን ተህዋስያን ስለሚገድል ዓሣው ያለ ማቀዝቀዣ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሁለተኛ፣ አጥንቱን በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ያለሰልሰዋል።

ስለዚህ ከሱቅ የምንገዛው ሰርዲን ጥሬ ሳይሆን የበሰለ ነው። እንደ ሥጋ ለረጅም ጊዜ ቢቀቀል ይፈርሳል፣ ይደርቃል፣ ጠረኑም ይበረታል። "ሰርዲን ወጥ አይሆንም" የሚሉ ሰዎችን ያማረራቸው በአብዛኛው ይህ ነው።

3. ለምን ይጠቅመናል?

የተለመደው ጠፍጣፋ ጣሳ 125 ግራም ይመዝናል። ፈሳሹ ሲወጣ ወደ 90 ግራም የሚሆን ዓሣ ይቀራል። በዚህ ውስጥ፦

- ወደ 22 ግራም ፕሮቲን አለ። ይህም ከሦስት ትልልቅ እንቁላሎች ከሚገኘው ይበልጣል።
- ከነአጥንቱ ከተበላ ወደ 340 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለ። ይህም ከአንድ ብርጭቆ ወተት ከሚገኘው ያላነሰ ነው። አጥንቱን ለቅሞ የሚጥል ሰው አብዛኛውን ካልሲየም ይጥላል።
- ከዕፅዋት የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12፣ እንዲሁም ቫይታሚን ዲ እና ለልብ ተስማሚ የሆነ የዓሣ ቅባት አለ።

ከጓሮ አትክልት ጋር ሲበላ ጥቅሙ ይጨምራል። በጎመን፣ በጥራጥሬና በእንጀራ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። ዓሣ እዚያው ማዕድ ላይ ሲኖር ግን የሚወሰደው መጠን ይጨምራል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያም እንዲሁ ያግዛሉ። በቆስጣና በካሮት ውስጥ የሚገኘውም ለቫይታሚን ኤ ምንጭ የሚሆነው ንጥረ ነገር ቅባት ይፈልጋል። ቅባቱን ከጣሳው ዘይት ያገኛል።

4. ሲገዙ የሚደረግ ጥንቃቄ

ሀ) ጣሳው ያበጠ፣ የሚያፈስ፣ በጥልቀት የዛገ ወይም መጋጠሚያው ላይ የተጨረማመተ ከሆነ አይገዛ። ሲከፈት ፈሳሹ ከተረጨ ወይም ያልተለመደ ሽታ ካለው ሳይቀመስ ይጣል። በተበላሸ ጣሳ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል ለሞት የሚያደርስ መመረዝ ሊኖር ይችላል። "እስቲ ልቅመሰው" አይባልም።

ለ) የመጠቀሚያ ጊዜው የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጣሳው ላይ "06/2027" ቢል ስድስተኛው ወር የካቲት ማለት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2019 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዓመቱን ወደ እኛ ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ባለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀነሳል።

ሐ) በዘይት የታሸገው ለአብዛኛው የእኛ ምግብ ይስማማል። በቲማቲም የታሸገው ለስልስና ለፓስታ ይመቻል። በውሃ የታሸገው ቅባት ለሚቀንስ ሰው ጥሩ ነው።

5. ሦስቱ የጣዕም ደንቦች

አንደኛ፦ የጣሳው ዘይት ጥሩ ሽታ ካለው አይደፋ፣ ሽንኩርቱ በእሱ ይቁላላ። የዓሣው ጣዕም የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው፣ የምግብ ዘይትም ይቆጥባል። ጠረኑ የሚከብደው ቤተሰብ ግን ዘይቱን አንጠፍጥፎ በሌላ ዘይት ሊጠቀም ይችላል።

ሁለተኛ፦ ዓሣው ድስት ውስጥ የሚገባው ሌላው ሁሉ በስሎ ሲያልቅ ነው። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ከገባ በኋላ በማማሰያ አይማሰልም፣ ድስቱን ይዞ ቀስ አድርጎ መነቅነቅ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ ዓሣው ጨው ስላለው ጨው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ተቀምሶ ነው። ሎሚም ድስቱ ከወረደ በኋላ ይጨመቃል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የዓሣን ጠረን ያለዝባሉ።

6. አዘገጃጀቶች

መጠኑ በሙሉ ለአምስት ሰው የታሰበ ነው። ሁሉም በዘይት የሚሠሩ ናቸው፣ ቅቤ አያስፈልግም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የእምነት ጥያቄ በመሆኑ ለየቤተሰቡ የሚተው ነው።

6.1 የሰርዲን ስልስ

3 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ በጣሳው ዘይትና በ1 የሾርባ ማንኪያ ተጨማሪ ዘይት ይቁላላል። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ትንሽ ውሃ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል። በርበሬው በስሎ ጥሬ ሽታው ሲጠፋ 4 የተከተፈ ቲማቲም ተጨምሮ ውሃው እስኪመጥ ይበስላል። ከዚያ 1 ጣሳ ሰርዲን ከላይ ይደረደራል፣ 2 የተሰነጠቀ ቃሪያ ይጨመራል፣ ድስቱ ተከድኖ 3 ደቂቃ ይቆያል። በእንጀራ ይቀርባል። ከተረፈው ስልስ ድርቆሽ ጨምሮ ፍርፍር መሥራት ይቻላል። ፍርፍሩ ላይ ዓሣው ቢፈርስም ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም እንጀራው ውስጥ ይሰራጫል።

6.2 ቆስጣ በድንች ከሰርዲን ጋር

ይህ ከጓሮ ብዙ የሚወስድ፣ ከሱቅ ትንሽ የሚጠይቅ ምግብ ነው። 4 ድንች ተልጦ በትንንሹ ይቆረጥና በቁሌት ላይ ተጨምሮ በትንሽ ውሃ ይበስላል። ሁለት እቅፍ የታጠበ ቆስጣ ግንዱና ቅጠሉ ተለይቶ ይከተፋል። ግንዱ ቀድሞ፣ ቅጠሉ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይገባል። ቅጠሉ እንደጠወለገ ሰርዲኑ በሁለት በሁለት ተከፍሎ ይጨመራል። ከ3 ደቂቃ በኋላ ወርዶ ሎሚ ይጨመቅበታል። ቆስጣ ስትለቅሙ የውጪውን ቅጠል ብቻ ወስዳችሁ የመሐሉን ከተዋችሁት ተክሉ መልሶ ያድጋል። ይህ ምግብ በየሳምንቱ ሊደገም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

6.3 ሰርዲን እንደ ክትፎ፣ ከቆጮ ጋር

ቆጮ ለለመደ ቤት ይህ ተወዳጅ ነው። 2 ጣሳ ሰርዲን ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ከነአጥንቱ በሹካ ይፈጫል። 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከነጭ ሽንኩርት ጋር ለብ ይደረግና ከእሳት ይወርዳል። ሚጥሚጣና የተፈጨ ኮረሪማ ዘይቱ ውስጥ ገብተው ከዓሣው ጋር ይለወሳሉ። እሳት ላይ አይመለስም። በቆጮና ተቀቅሎ በደቀቀ ጎመን ይቀርባል። ሚጥሚጣው ለሕፃናት ስለሚበረታ የእነሱ ድርሻ አስቀድሞ ይቀነስላቸው።

6.4 የሰርዲን ሳምቡሳ

ሳምቡሳ በረመዳን ማፍጠሪያም ሆነ በሌላ ቀን የሚፈለግ ነው። 1 ኩባያ ድፍን ምስር ሳይፈርስ ተቀቅሎ ይጠነፈፋል። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የተፈገፈገ ካሮት ለብ ተደርገው ከምስሩ ጋር ይቀላቀላሉ። 1 ጣሳ ሰርዲን ፈሳሹ በደንብ ተንጠፍጥፎ ይጨመራል። ፈሳሽ ከቀረ ሊጡ ይረጥባል፣ ሲጠበስም ይፈነዳል። ምስሩ ዓሣውን ያበዛዋል፣ ዓሣው ደግሞ የምስሩን ብረት ሰውነታችን እንዲወስድ ያግዛል። ለሽያጭ የምታዘጋጁ ከሆነ ደንበኛ ሳይጠይቅ ዓሣ እንዳለበት ንገሩ፣ ዓሣ የማይስማማው ሰው አለና።

6.5 ሰርዲን በዳቦ

የተለመደውን አበላልም ማሻሻል ይቻላል። አንድ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ተቆርጦ ሎሚና ጨው ተደርጎበት 10 ደቂቃ ይቀመጥ፣ መለብለቡ ይቀንሳል። ከዚያ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና የተቀቀለ ድንች ተከታትፎ ከዓሣው ጋር ይቀላቀላል። 1 ጣሳ በዚህ መንገድ አምስት ዳቦ ይሞላል።

7. ለሕፃናትና ጥንቃቄ ለሚያስፈልጋቸው

ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን በውሃ ወይም በዘይት የታሸገ ሰርዲን ፈሳሹ ተደፍቶ፣ በፈላ ውሃ ታጥቦ ጨው ከተቀነሰ በኋላ፣ እስኪልም ተፈጭቶ ከድንች ወይም ከካሮት ጋር ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ብቻ ሰጥታችሁ ሽፍታ ወይም ማስመለስ መኖሩን ተመልከቱ። ደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው መጨመር የለበትም። የሪህ ሕመም ያለበት ሰርዲንን ከማዘውተሩ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክር።

8. ጣሳው ከተከፈተ በኋላ

የታሸገ ዓሣ የማይበላሸው እስኪከፈት ብቻ ነው። የተረፈው በጣሳው ውስጥ አይቀመጥም። ክዳን ባለው ዕቃ ተገልብጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባና በ2 ቀን ውስጥ ያልቃል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት በከፈተበት ማዕድ ይጨርሰው። ሰርዲንን የመሰሉ ዓሦች በሙቀት ሲያድሩ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠርባቸዋል። ይህም ፊት መቅላት፣ ማሳከክ፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ያመጣል። ደግሞ ማሞቅ ወይም ማፍላት አያጠፋውም። በመሆኑም ያደረ ሰርዲን "ሞቅ አድርጌ ልብላው" አይባልም።

9. በትኩስ ዓሣ መሥራት ለሚፈልጉ

ከዝዋይና ከሌሎች ሐይቆች የሚመጣውን ቆሮሶ ያገኘ ሰው በ6.1 እና በ6.2 አሠራር ሊጠቀምበት ይችላል። ልዩነቱ ሁለት ነው። ትኩስ ዓሣ ጥሬ ስለሆነ ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ እስኪላቀቅ ድረስ መብሰል አለበት። አጥንቱም እንደ ሰርዲን ስለማይለሰልስ ለሕፃን ከመሰጠቱ በፊት አንድ በአንድ ይለቀማል።

10. የተግባር ሥራና የመወያያ ጥያቄዎች

ተግባር፦ በአምስት በአምስት ሆናችሁ 6.2ን ሥሩ። አንዱ ቡድን ዓሣውን ከድንቹ ጋር አብሮ ከመጀመሪያው ይጨምር፣ ሌላው መጨረሻ ላይ ይጨምር። ሁለቱን ቅመሱና ልዩነቱን ለቡድኑ ተናገሩ።

ጥያቄዎች፦
1. የሰርዲን አጥንት የሚበላው የቆሮሶ አጥንት የማይበላው ለምንድን ነው?
2. ጣሳው ላይ "03/2028" ቢል በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው?
3. በቤታችሁ አንድ ጣሳ ለስንት ሰው ይደርሳል? ከጓሯችሁ ምን ብትጨምሩበት ለሁሉም ይዳረሳል?