ከአዳራሹ እስከ ዋሂል፦ ኪነ ጥበብና የዜጎች ተሳትፎ

አገር አቀፍ የኪነ ጥበብ መሪዎች መድረክ ሲካሄድ ዜናው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ባነር፣ የታሸገ ውሃ የተደረደረበት ጠረጴዛ፣ ጥናት የሚያቀርብ ምሁር፣ በመጨረሻም ቆሞ የአቋም መግለጫ የሚያነብ አንጋፋ ተዋናይ ይታያሉ። የዜጎችን ተሳትፎ ለማሳደግ ኪነ ጥበብ ትልቅ ሚና እንዳለው ይነገራል። ተመልካቹ ግን ሚናው ምን እንደሆነ ሳይገባው ስፖርቱን መጠበቅ ይጀምራል። እዚህ ያንን ሚና እንየው። መመዘኛ የምናደርገው ከአዳራሽ ራቅ ያለ ቦታን፣ ከድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች አንዱ የሆነውን ዋሂልን ነው።

በእንዲህ ዓይነት መድረክ የሚጠሩት የቴአትር ቤት ሥራ አስኪያጆች፣ የሙያ ማኅበር ሰብሳቢዎች፣ የባንድና የቴአትር ቡድን መሥራቾች፣ የባህል ቢሮ ኃላፊዎችና የኪነ ጥበብ መምህራን ናቸው። የሚመክሩበት ተሳትፎ በአምስት ዓመት አንዴ ድምፅ ከመስጠት ይሰፋል። መንገድ በየት ይለፍ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ መስጠት፣ የውሃ ኮሚቴው የሰበሰበው ብር የት እንደገባ መጠየቅ፣ በቀበሌ ስብሰባ እጅ አውጥቶ «አልስማማም» ማለት ሁሉ ተሳትፎ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲዘረዝር ሥነ ጥበብን ከመግለጫ መንገዶቹ አንዱ አድርጎ ያስቀምጣል፤ አንቀጽ 91 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን እንዲደግፍ ያዛል። ሦስቱ አንቀጾች አንድ ላይ ሲነበቡ መድረኩ የሚቆምበት የሕግ መሠረት ይወጣል። በአቋም መግለጫዎቹ ውስጥ ግን እምብዛም አይጠቀሱም።

የድሬዳዋ ገጠር ዋሂል፣ ቢዮአዋሌ፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ በሚባሉ አራት ክላስተሮች ተከፍሎ ይታወቃል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአስተዳደሩ ነዋሪ 341,834 ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ያህሉ፣ 108 ሺህ ገደማ ሰው፣ በገጠር ይኖር ነበር። የገጠሩ ሰው በአብዛኛው ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪ ነው። አዳራሹ፣ ሞንታርቦው፣ የባህል ቢሮውና ጋዜጠኛው ግን ያሉት ከተማ ውስጥ ነው፤ አገር አቀፍ ጉባኤ የሚመራውም በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ማሽላና ጫት አምርቶ ስለሚኖረው ገበሬ ተሳትፎ የሚመከረው እሱ በሌለበትና በማይናገረው ቋንቋ ነው ማለት ነው።

ኪነ ጥበብና የሕዝብ ጉዳይ በአገራችን የተገናኙት ዛሬ አይደለም። የጣሊያን ወረራ እያንዣበበ ሳለ በ1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተ ወልድ የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበርን ሲያቋቁሙ ዓላማው ሕዝቡን ለአገሩ ማነሳሳት ነበር። ፋሺስት ከወጣ በኋላ ማኅበሩ ዳግም ተቋቁሞ ዛሬ ፒያሳ የምናውቀው ሀገር ፍቅር ቴአትር ሆነ። አንጋፋው ቴአትር ቤታችን እንግዲህ የተወለደው ከመዝናኛ ሳይሆን ከአገር ጉዳይ ነው። ያኔ መልእክቱ የሚሄደው ከመድረክ ወደ ሕዝብ ብቻ ነበር። ጠላት ደጅ ላይ በቆመበት ጊዜ ይህ አያስወቅስም፤ ችግሩ ያ ልማድ ጠላት ከሄደም በኋላ አለመሄዱ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በቀበሌ፣ በከፍተኛ፣ በፋብሪካና በአውራጃ የኪነት ቡድኖች ተመሠረቱ። ኪነት ብዙ ድምፃውያንና ተወዛዋዦችን አፍርቷል፤ ዛሬ አንጋፋ የምንላቸው ብዙዎቹ መጀመሪያ የቆሙት በቀበሌ መድረክ ላይ ነው። ግጥሙ የሚቃኘው ግን ከላይ በወረደ መመሪያ ነበር። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ይዘምራል፣ ይሰለፋል፤ ጥያቄ አንስቶ መልስ የሚያገኝበት ቦታ ግን አልነበረውም። ተሳትፎና ቅስቀሳ በአእምሯችን የተደባለቁት በዚያ ዘመን ይመስለኛል። ዛሬም «ኅብረተሰቡን እናሳትፋለን» የሚል ባለሥልጣን ብዙ ጊዜ በልቡ ያለው መኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ ነው።

ድሬዳዋ ግን ሌላም ታሪክ አላት። በ1950ዎቹ የከተማዋ የኦሮሞ ወጣቶች አፍረን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን መሠረቱ። ማንም አላደራጃቸውም፣ ማንም አልበጀተላቸውም። በቋንቋቸው ዘፈን በአደባባይ መስማት ብርቅ በነበረበት ዘመን በየሰርጉ እየዞሩ ተጫወቱ። የድሬዳዋው ልጅ አሊ ቢራ በአፍላ ዕድሜው የተቀላቀለው ይህን ቡድን ነው፤ ቢራ የሚለው መጠሪያውም ከመጀመሪያ ዘፈኑ የመጣ ነው። መንግሥት ቡድኑን አልወደደውም፤ አገደው፣ አባላቱም ለእስርና ለስደት ተዳረጉ። አሊ ኋላ ላይ አዲስ አበባ ክብር ዘበኛ ባንድ ገባ፤ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ ሲያርፍ የተቀበረው ድሬዳዋ ነው። እነዚያ ልጆች «የዜጎች ተሳትፎ» የሚል ባነር አልሰቀሉም። በገዛ ቋንቋቸው በመዝፈን ብቻ አንድ ማኅበረሰብ በአገሩ አደባባይ ላይ ቦታ እንዳለው ተናገሩ። የተሳትፎ ኪነ ጥበብ በኢትዮጵያ ምን ይመስላል ለሚል ሰው እኔ የማሳየው እነሱን ነው።

ሁለቱን መንገዶች፣ ከላይ የሚወርደውንና ከታች የሚነሳውን፣ ለማገናኘት ከተሞከሩት ሥራዎች ውስጥ የሬዲዮ ድራማ ይጠቀሳል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ «የቀን ቅኝት»ን በአማርኛ፣ «ዲምቢባ»ን በኦሮምኛ በሬዲዮ አሰራጨ። ስለ ኤች.አይ.ቪ.ና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የሚያወሩ ተከታታይ ድራማዎች ነበሩ፤ አድማጮችም በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፉ። እኔን የሚገርመኝ ደብዳቤው ነው። ባትሪ ገዝቶ፣ ወረቀት ፈልጎ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ የሚመልስ አድማጭ ካለ ሰዉ አይሳተፍም የሚለው ወቀሳ ውሃ አያነሳም።

ከውጭ ብዙ የሚነገርለት የብራዚላዊው የአውጉስቶ ቦአል ፎረም ቴአትር ነው። አሠራሩን ዋሂል ላይ አድርገን እናስበው። አንድ የውሃ ቦኖ አለ እንበል። ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ከጎህ በፊት ይሰለፋሉ፤ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ቧንቧው ተበላሽቶ ሳምንታት ሲቆም ግን የተዋጣው ብር የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አምስት ወጣቶች ይህንን በኦሮምኛ የአሥር ደቂቃ ጨዋታ ያደርጉታል፤ ከዛፍ ሥር፣ ያለ መጋረጃ። ጨዋታው በመጥፎ ያልቃል፤ አንዷ ሴት ትጠይቃለች፣ ገንዘብ ያዡ ያመናጭቃታል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ከዚያ አወያዩ ተነስቶ «እንደገና እናሳያለን፤ እዚህ ጋ እንዲህ ባደረገች የምትሉበት ቦታ ላይ አስቁሙን» ይላል።

ዋናው ነገር የሚጀምረው ይሄኔ ነው። ከተመልካቹ አንዲት እናት ታስቆማለች። ተዋናይዋን አስቀምጣ ራሷ በቦታዋ ትገባና ገንዘብ ያዡን ደረሰኝ አምጣ ትለዋለች። ተዋናዩ ቶሎ እንዳይሸነፍ ተነግሮታል፤ «ደረሰኙ ከተማ ነው ያለው» ይላታል። ሰዉ ይስቃል፣ ምክንያቱም ያንን መልስ ከዚህ በፊት ሰምቶታል። ሌላ ሰው ይነሳና ብቻዋን አትጠይቅ፣ ሦስት ሆነው ይምጡ ይላል፤ ይሞክሩታል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ወደ ቀበሌ ከመሄዱ በፊት በጃርሱማ፣ በኦሮሞ የሽማግሌዎች ዳኝነት፣ ይታይ ይላሉ፤ ያም ይሞከራል። የእውነተኛው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ እዚያው ተመልካቹ መሃል ተቀምጧል። ማንም ስሙን አልጠራም፣ ነገር ግን ሁሉም እያየው ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ሰው ቃለ ጉባኤ ካልያዘና የሚቀጥለው ስብሰባ ቀን ካልተቆረጠ የተደረገው ሁሉ ደህና መዝናኛ ሆኖ ይቀራል።

ቦአል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1992 ለሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት ተወዳድሮ አሸነፈ። እስከ 1996 በቆየበት የሥራ ዘመን ቡድኖቹ በየሰፈሩ ያሳዩት ጨዋታና ተመልካቹ ያቀረበው መፍትሔ እየተመዘገበ ወደ ምክር ቤቱ ይገባ ነበር። አሥራ ሦስት ሕጎች በዚህ መንገድ ጸድቀዋል። ነገሩ ሁሌ እንዲህ አያምርም። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ ሊሙሩ አጠገብ ባለችው የካሚሪዙ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከገበሬዎችና ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር በኪኩዩ ቋንቋ ቴአትር ሠራ። ነዋሪዎቹ መድረኩን በገዛ እጃቸው ገነቡት፤ መንግሥት ፈቃዱን ነጠቀ፤ ንጉጊ ታሰረ፤ በ1982 መድረኩ ፈረሰ። ተሳትፎን ከልብ የሚሹ መንግሥታት እንኳ ጥያቄው ወደ ራሳቸው ሲዞር አይወዱትም።

የእኛም ሕግ ለረጅም ጊዜ በዚህ በኩል ጠባብ ነበር። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በግጭት አፈታትና በመሳሰሉት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ስለዚህ በውጭ ርዳታ የሚንቀሳቀስ የቴአትር ቡድን ስለ ወባ አጎበር ማሳየት ይችላል፤ ስለ ውሃ ኮሚቴው ደረሰኝ ግን ቢያስብበት ይሻለዋል። በ1113/2011 አዋጁ ሲቀየር ያ ክልከላ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ የጎደለው ሕግ ነው ማለት ይከብዳል። ይልቅ የጎደለው ከአዲስ አበባ አልፎ ገጠር ቀበሌ የሚደርስ ገንዘብና ፍላጎት ነው።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን የተሳትፎን ጉዳይ እንደገና አምጥቶታል። በፕሮፌሰር መስፍን አርአያ ሰብሳቢነት አሥራ አንድ ኮሚሽነሮች ለሦስት ዓመት ተሹመው በየካቲት 2017 አንድ ዓመት ተጨምሮላቸው ነበር። ከየወረዳው ተሳታፊ መምረጥና አጀንዳ ማሰባሰብ ከኮሚሽኑ ዋና ሥራዎች ነው። በምክክር ስም የሚጠራ የኪነ ጥበብ ባለሙያ ሁለት ዓይነት ሥራ ሊሰጠው ይችላል፤ ምክክሩ ጥሩ ነው ብሎ መዝፈን፣ ወይም በስብሰባ የማይናገረው ሰው አጀንዳውን እንዲያወጣ መርዳት። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ክፍያውም የታወቀ ነው። ድሬዳዋ በኅዳር 2014 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን ቀን ስታስተናግድ ያየነው ዓይነት ድምቀት ለዚህ አይጠቅምም፤ በበዓል መድረክ ሰው ባህሉን ያሳያል እንጂ ቅሬታውን አያሰማም።

የምሥራቁ ሕዝብ መመካከርን ከጉባኤ አዳራሽ የሚማር አይደለም። የኢሳ ሶማሌዎች የቃል ሕግ፣ ሄር ኢሳ፣ በአርባ አራት ሽማግሌዎች እንደተደነገገ ይነገራል፤ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ኦሮሞው ጃርሱማ አለው፣ ወጣቱ ፊት ለፊት ቆሞ እየተቀባበለ የሚያዜመው ሸጎዬ አለው። የከተማው ወንድ ደግሞ የጫት በርጫ አለው፤ አገር የሚተነተነው፣ ባለሥልጣን የሚሾመውና የሚሻረው እዚያ ነው። በዚያ ሰዓት የተቀመጠን ሰው ከምንጣፉ ማስነሳት ለየትኛውም ቴአትር ቀላል አይደለምና የጨዋታውን ሰዓት የሚቆርጥ ሰው ያገሩን ውሎ ማወቅ አለበት። በገበያ ቀንና በአጨዳ ወቅት መሄድም ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው አገር አቀፍ መድረክ ሲጠራ እኔ የማየው ማን የት ሆቴል እንዳረፈ ወይም ውሎ አበሉ ስንት እንደሆነ አይደለም። ከገጠር የመጣ የኪነት ልጅ አለ ወይ? በኦሮምኛና በሶማልኛ መናገር ይቻላል ወይ፣ የሚተረጉምስ ተቀምጧል? የአቋም መግለጫው ውስጥ በስድስት ወር ውስጥ ሪፖርት የሚያቀርበው አካል በስም ተጠቅሷል?

ለዋሂል ወጣቶች ግን መድረኩን መጠበቅ ግዴታ አይደለም። በ1113/2011 አዋጅ ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባላት ይበቃሉ። ድሬዳዋ ክልል ስላልሆነች በአስተዳደሩ ውስጥ የሚቋቋም ድርጅት የሚመዘገበው በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው፤ ይህ አንዳንዱን ቡድን ገና ሳይጀምር የሚያደክም ጣጣ ነው። በሌላ በኩል ዕድር፣ ዕቁብና መሰል ባህላዊ ማኅበራት ከአዋጁ ውጭ ናቸው። መንደሩ ውስጥ ባለ ዕድር ጥላ ሥር ሆኖ ቦኖው አጠገብ የአሥር ደቂቃ ጨዋታ ለመጀመር አምስት ልጆች፣ አንድ ጀሪካንና ገንዘብ ያዡን ሆኖ ለመጫወት የሚደፍር ሰው ይበቃል።