ዜግነት በመቐለ፦ ግዴታው ሳይቋረጥ ድምፁ የዘገየበት

የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ሞላው። ያኔም አገሪቱ ለሰባተኛው አጠቃላይ ምርጫ እየተሰናዳች ነበር። ሁለቱ በአንድ ወቅት መገጣጠማቸው ዜግነት ምን መብት እንደሚሰጥና ምን ግዴታ እንደሚጥል በመቐለ እንደገና እንዲጠየቅ አድርጓል።

በወረቀት ደረጃ ጉዳዩ ብዙም አያከራክርም። ሕገ መንግሥቱ በምዕራፍ ሦስት፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44፣ ሰብአዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶችን ዘርዝሯል። ማንም ኢትዮጵያዊ ያለፈቃዱ ዜግነቱን አያጣም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው ብዙ ጥቅም ቢያገኝም አይመርጥም።

ነጻነቶቹ የሚፈተኑት በኑሮ ነው። በጦርነቱ ዘመን ባንክ፣ ስልክና መብራት ሲቋረጡ የመቐለ ነዋሪ የገዛ ገንዘቡን ማውጣት፣ ከዘመዱ ጋር መነጋገር አልቻለም። ከጦርነቱ በኋላም ፈተናው አላበቃም። አክሱም ውስጥ ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ሲከለከሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የመቐለ ሙስሊሞች አደባባይ ወጡ። አንቀጽ 27 የሚሰጠውን የሃይማኖት ነጻነት በአንቀጽ 30 የመሰብሰብ መብት ጠየቁ፤ መብትን በመብት ማስከበር ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመምረጥ መብት ነው። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥት ትርጉም የመንግሥትን የሥራ ዘመን አራዘመ። አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ውሳኔው ሊሰጥ ሲል ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። የትግራይ ክልል በበኩሉ ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ግን ከጥቂት ቀናት በፊት ምርጫው ዋጋ የለውም ብሎ ወስኖ ነበር። ሁለቱም ወገን አንዱን ሕገ መንግሥት ጠቀሰ። መራጩ ግን ከሁለቱም ዘንድ ዳኛ አላገኘም። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ፈነዳ።

ውጤቱ ዛሬም አለ። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለትግራይ የተመደቡት 38 ወንበሮች በ2014 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ፓርላማ አንስቶ ባዶ ናቸው። ትግራይ በአጠቃላይ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠችው ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ያኔ 17 ዓመቱ የነበረ የመቐለ ወጣት ዛሬ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ወልዶ፣ ግብር እየከፈለ ሊሆን ይችላል፤ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ባስፈጸመው ምርጫ ግን አንድም ጊዜ አልመረጠም።

ግዴታውስ? አንቀጽ 9 ማንኛውም ዜጋ ሕገ መንግሥቱን እንዲያከብርና እንዲያስከብር ያዛል። የትግራይ ገበሬ በየዓመቱ ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ያለ ክፍያ ጉልበቱን ሲሰጥ ኖሯል፤ ከመቐለ በስተሰሜን ያለችው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር በዚህ ሥራዋ በ2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝታለች። መምህራንም የ17 ወር ውዝፍ ደመወዛቸው ሳይከፈል ወደ ክፍል ተመልሰው፣ ክርክሩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደዋል። ሕዝቡ ግዴታውን አላጓደለም።

በጦርነቱ የተፈናቀሉት ሰዎች ጉዳይ የዚህ ሁሉ ፈተና ነው። በመቐለ የትምህርት ቤት ክፍሎች በብርድ ልብስና በላስቲክ እየተጋረዱ ቤተሰቦችን አስጠልለዋል፤ በሰብዓ ካሬ መጠለያም ብዙዎች ዓመታት አሳልፈዋል። አንቀጽ 32 በፈለጉት ቦታ የመኖር መብት ይሰጣቸዋል፤ ከቀያቸው መራቃቸው ግን ድምፃቸውንም አርቆታል። የምርጫ ሕጉ ተፈናቃዮች በልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲመርጡ ስለሚፈቅድ ምክንያት ማብዛት አያስፈልግም። በልዩ ጣቢያ ለመምረጥ መመዝገባቸው ወደ ቀያቸው የመመለስ መብታቸውን አይተካም፤ ሁለቱም ይገቧቸዋል።

የፌዴራል መንግሥት፣ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር፣ ምርጫ ቦርድና ፓርቲዎች ስለ ሥልጣን ከመከራከራቸው በፊት መቐለ ላይ የመራጮች መዝገብ ይክፈቱ። ግዴታውን የተወጣ ዜጋ ድምፁን እንደ ችሮታ ሊጠብቅ አይገባም።